አዲስ ማተብ

«ልጅቱ የኔ ናት አልኩህ እኮ።»

«ስሟን ትንገረኝ።»

«አለም ነው ስሟ። ካርዱ ላይ ተጽፎልሃል፤ ማንበብ ታውቅ የለ?»

«ካርዱን አልጠየቅኩም፣ እት አጀቡሽ። እሷን ነው የጠየቅኩት።»

ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ፀሐይ ጠንቶበት ይጉረመረማል፤ አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ አናታችን ፈላ» ይላል። ከጎኔ የተቀመጠው ሱዳናዊው ኃላፊ፣ ኡስታዝ ኢድሪስ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ በዓይኑ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«አለም» አለች ልጅቱ በመጨረሻ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ይኸው ነገረችህ» አለች አጀቡሽ። «በል ጣቷን ንከርና አሳልፈን። አማቴ ቆማ ልትወድቅብኝ ነው።»

የልጅቱን አንገት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ማተብ ታስሮላታል። በኛ የስደተኞች ካምፕ የማንም ክርስቲያን ልጅ ማተብ ጥቁር ሆኖ አይቆይም፤ ላብና አቧራ በወር ውስጥ አመድ ያስመስለዋል። የዚች ልጅ ግን ከጥቅሉ ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ጥቁር ነው። ከቋጠሮው የተረፈው ጫፍ እንኳ ገና አልተበተነም።

ልጅቱ የአጀቡሽ እንዳልሆነች አወቅሁ። ማወቄ ደግሞ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ደስታ ነው።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ከጎንደር ገጠር ስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በመተማ አድርጌ ገላባትን ተሻግሬ፣ ገዳሪፍ አካባቢ ሁለት ዓመት ሰሊጥ አጭጃለሁ። ከዚያ ካምፑ ተቀበለኝ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ እጽፋለሁ፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት መጠቅለያ ሳይቀር፣ አነባለሁ። ዓይኔ አያርፍም ነበር። ሰው ሲራመድ ጫማው የማን እንደነበረ፣ የማን ቀሚስ ከየትኛው የእርዳታ ጆንያ እንደተሰፋ አውቃለሁ። የካምፑ ሰው «ገጣሚው» ይለኝ ጀመር፤ አንዳንዱ ለማሾፍ፣ አንዳንዱ ከልቡ። እኔ ሁሉንም ከልብ ነው የወሰድኩት።

አማርኛ ስለምጽፍና እርሻ ላይ የለቀምኩት ዓረብኛ ስለነበረኝ ለራሽን ካርድ ቆጠራው ጸሐፊ አደረጉኝ። ባርኔጣ ሰጡኝ። ወንበርም ሰጡኝ፤ ያውም ረኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር፣ ጥላ ላይ። ሁለት ዓመት ጎንበስ ብሎ ላጨደ ሰው ጥላ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቆጠራው ሦስት ቀን ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ካርዱን ይዞ፣ በካርዱ የተጻፈ ሰው ሁሉ በአካል ቆሞ፣ አንድ በአንድ ይጠራል። የተጠራ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ጣቱ ወይን ጠጅ ቀለም ይነከርና በገመዱ ሥር ያልፋል። ያልቆመ ሰው ይሰረዛል። ያላግባብ ሰው ያቆመ ቤተሰብ ደግሞ ካርዱ በሙሉ ይታገዳል፣ እስከሚቀጥለው ቆጠራ። የሚቀጥለው ቆጠራ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ቆጠራው የወደቀው የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገስም፤ ደርሶ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በነዚያ ጥቂት ሳምንታት የእርሻው ወኪል ሰው አይለቅም። ያን ዓመት ደግሞ ከክረምቱ ጀምሮ ራሽናችን ተቀንሶ ግማሽ ሆኖ ነበርና፣ የካምፑ ወንዶች ብቻ ሳይሆኑ ውሃ ማመላለስ የሚችል ልጅ ሁሉ እርሻ ወርዷል። ራሽኑ ስላነሰ ሄዱ፤ ስለሄዱም ሊሰረዙ ነው።

ይህን አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት፣ ኡስታዝ ኢድሪስ ጠይቆኝ ነበር። «ሕዝቡ ሁሉ እዚሁ ነው? ጊዜው ይመቻቸዋል?» አለኝ። «አይዋ» አልኩት፤ አዎ። ሥራው እንዳይቀር ፈርቼ ነው። ባርኔጣው እንዳይወሰድብኝ።

እንግዲህ ወደ ሰልፉ ልመልሳችሁ።

ዝም ብዬ ለኡስታዝ በጆሮው ልነግረው እችል ነበር። ዝም ብዬ ጣቷን ነክሬ ላሳልፋትም እችል ነበር። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ቀና አልኩና፣ ሰልፉ እንዲሰማ አድርጌ፣ እንዲህ አልኩ፦

ማተቧ ትናንት ታስሮ፣ እሷ ዛሬ ተወልዳ፣
እህል ልታሰፍር መጣች በሰው ስም ተነስታ ማልዳ።

ሰልፉ ሳቀ። ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት የቆመ ሰው ለመሳቅ ሰበብ ይፈልጋል። አንዱ «ድገመው» አለ። ደገምኩት።

አጀቡሽ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። እጇን ልጅቱ አንገት ላይ ጣል አድርጋ ክሩን ሸፈነችው፤ ሰው ራቁቱን ሲያዩት እንደሚሸፍነው። ከዚያ «አዳነ፣» አለችኝ ስሜን ጠርታ፣ «አንተም እርሻ ነበርክ እኮ።»

ኡስታዝ ኢድሪስ ነገሩን ካስተረጎመኝ በኋላ ልጅቱን በዓረብኛ «ስምሽ ማነው?» ሲላት፣ ያላሰበችው አፏ «ራህማ» አለ። ካርዱን ከአጀቡሽ እጅ ወሰደ። ሽፋኑ ላይ በቀይ መስቀለኛ አሰመረበትና ከታገዱት ጋር አስቀመጠው። አምስት ሰው የተጻፈበት ካርድ ነው፤ ባልዋ ሙላት፣ እሷ፣ አማቷ፣ አለምና ጡት ያልጣለው ሕፃን። ሙላት ደግሞ ቀድሞ ተሰርዟል። እሷው ራሷ፣ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ፣ «ባሌ አጨዳ ላይ ነው» ብላ እውነቱን ተናግራ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ፣ ገዳሪፍ ከተማ ሱቅ ያላቸው ያገራችን ሰው መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ሲሞት ከፈን የሚገዙት እሳቸው ናቸው። በፒካፕ ሰባት ልጆቻቸውን ከከተማ ጭነው አመጧቸው። ሁሉም የራሳቸው፣ ሁሉም ካርዱ ላይ ያሉ። አንድ በአንድ ነከርኳቸው። «ስንዴውን ምን ያደርጉታል፣ ሐጂ?» ብዬ ቀለድኩ። «ፍየሎቼም እኮ ስደተኞች ናቸው» አሉኝና ሳቅን። በሕጉ ምንም ጥፋት የለባቸውም። እውነቱን ይዞ ለመቆም መኪና ያስፈልግ ነበር፤ እሳቸው መኪና ነበራቸው።

ሥራ ጨርሼ ጎጆዬ ደጃፍ ላይ እግሬን ስታጠብ እትዬ ዘሀራ መጡ። የአጀቡሽ ጎረቤት ናቸው፤ የቋራ ሙስሊም፣ ሰፊ ሴት፣ ንግግራቸው ፈጣን። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«ግጥምህን ሰማሁት» አሉ። «ልጆቹ ውሃ ቦኖው ላይ እያሉት ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ግጥሙ ቦኖው ድረስ መድረሱ በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ያን ማተብ ማን ያሰረ ይመስልሃል?»

«አጀቡሽ ናታ።»

«እኔ ነኝ። እኔ፣ ዘሀራ። የገዛ ልጄ አንገት ላይ፣ በገዛ እጄ። አጀቡሽማ «ይቅር፣ ይሄ ያንቺ እምነት አይደለም» ብላ እጄን ይዛኝ ነበር። የሰው ልጅ ከሚራብ አላህ ለሁለት ሰዓት ክር ይቅር ይለኛል አልኳት። የኛ ተራ ነገ ስለሆነ ቀለሙን በሎሚ ፈትገን ራህማን መልሰን ልናቆማት ነበር።»

«ታዲያ የሌለ ልጅ ለምን ያስቆጥራሉ፣ እትዬ ዘሀራ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ማን የሌለ? አለም የለችም እንዴ? አለም ካባቷ ጋር እርሻ ላይ ውሃ ታመላልሳለች! ስለ ባልዋ እውነቱን ብትነግራችሁ ቅድም ሰረዛችሁባት። ስለ ልጇ እውነቱን ተናግራ እሷንም ትስጣችሁ? የኔ ልጅ የቆመችው የሌለ ሰው ቦታ አይደለም። ያለ ሰው ቦታ ነው።»

ውሃው እግሬ ላይ ደረቀ።

«አንተ ዓይንህ ክር ያያል» አሉ ሲሄዱ። «ክሩን ብቻ ነው የሚያየው።»

ቆጠራው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አለምን በአካል ካመጣኋት ኡስታዝ ካርዱን ይመልሳል ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ለሌላ ጸሐፊ ባርኔጣዬን ሰጥቼ፣ ወደ እርሻዎቹ የሚሄድ የውሃ ቦቴ ላይ ተንጠለጠልኩ። ከላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የኛ ካምፕ ልጅ ነው፤ ገና ሳንርቅ የኔን ሁለት መስመር ማንጎራጎር ጀመረ። በአንድ ቀን ዜማ ወጥቶለታል።

እርሻው የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። መሬቱ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዳር የለው። የታጨደው ሰሊጥ እንደ ትናንሽ ጎጆዎች ቆሟል፤ አጫጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አለምን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቢጫ ጀሪካን በአናቷ ይዛ በረድፉ መሀል ትመጣለች። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አመድ መስሏል።

ሙላትን ጠራሁት። ማጭዱን ሳይጥል መጣ።

«አዳነ? ምን እግር ጣለህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ የለም። ቆጠራ አለ። አለምን ልወስዳት ነው።»

«ቆጠራ? በዚህ ጊዜ?» ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። «እዚያ ቤት ሰሊጥ የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ?»

አብሮን ለመምጣት ወኪሉን ለመነው፤ ወኪሉ ልጅቱን እንጂ እሱን እንደማይለቅ ነገረው። «አሁን ከሄድኩ የእስካሁኑ ድካሜም ይቀራል» አለኝ ሙላት። «እሷን አድርስልኝ። እናቷን አይዞሽ በላት፤ አንተ እዚያ ካለህ መቼስ አይበድሉንም።»

ቦቴው በማግስቱ ጠዋት እንጂ አልተመለሰም፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ሲቀይር ከቦቴው ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ አብሮን የሚመለሰው ያ የካምፕ ልጅ እንደገና ማንጎራጎር ያዘ። አለም ፈጥና ያዘችው። ጥሩ ጆሮ ነበራት። በእጇ ጀሪካኗን እየመታች «ማተቧ ትናንት ታስሮ...» ትላለች፣ ትስቃለች።

«ማናት እሷ?» አለችኝ።

«ማን?»

«በሰው ስም የመጣችው?»

«እንጃ» አልኳት።

«ግጥሙንስ ማን አወጣው?»

«አላውቅም» አልኳት። በሕይወቴ ግጥሜን የካድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ካምፑ ስንደርስ የቆጠራው የመጨረሻ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ገመዱ ተፈቷል። ወንበሮቹ ሎሪ ላይ ተጭነዋል። ኡስታዝ ኢድሪስ በቆርቆሮ በተሠራችው ቢሮ ውስጥ መዝገቦቹን በካርቶን እያሸገ ነበር። ልጅቱን እናቷ ዘንድ ልኬ ሮጬ ገባሁ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። አጀቡሽ አልዋሸችም፣ ልጅቱ አለች፣ አምጥቻታለሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እስክጨርስ አዳመጠኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

«መዝገቡ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ ተፈርሟል» አለኝ። «ደግሞም ልጅቱ የለችም ብዬ አይደለም ያገድኩት። ሌላ ልጅ ስላቆሙ ነው። ያን ሕዝብ ሁሉ ፊት አንተ ግጥም አድርገህ ካወጅከው በኋላ እንዳላየሁ ላልፈው እችል ነበር?»

«ይግባኝ የሚባልበት የለም?»

«ለማን?» አለኝ። የምሩን ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ ካርቶኑን እያሰረ፣ ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ ጨመረ። «ወንዶቹ መሄዳቸውን አየሁ። ልጆችም እንደሚሄዱ ግን ማን ነገረኝ? እኔ የከተማ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ቀን ጠይቄህ ነበር። ያን ጊዜ ብትነግረኝ ገመዱን ሳልወጥር ሁለት ሳምንት አዘገየው ነበር። ከተጀመረ በኋላ ግን ኸላስ፣ አለቀ።» ካርቶኑን ተሸክሞ ወጣ።

በዚያ ቆጠራ የተሰረዙት ልጆች ብዙ ነበሩ። አንድ «አይዋ» ስንት ሰው እንደምታክል እኔ አውቃለሁ።

ያንን ቢሮ ካየሁት ስምንት ዓመት ሆኖኛል። አሁን ገዳሪፍ ከተማ ነው የምኖረው። ካርዱ እንዲመለስ ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለ አማርኛ ነበር፣ ወደ ዓረብኛም አስተረጎምኩት። መልስ የሰጠኝ የለም። የነአጀቡሽ ቤተሰብ አሮጊቷን ሳይቀር ይዞ እርሻ ወረደ። ከዚያ አንዱ ሰው ኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ አካባቢ አየኋቸው ይላል፣ ሌላው ወደ አገር ተመለሱ ይላል። ግጥሙ ግን ካምፑ ውስጥ ቀረ። አንድን ሴት ለመስደብ ሲፈልጉ «አዲስ ማተብ» ይሏት ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ልጆች ጭምር።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ እርዳታ ሲነሳ ሁለት ነገር ትሰማላችሁ። አንዱ ስደተኛው ያጭበረብራል ይላል። ሌላው እህሉ ይጨመር ይላል። እህሉ መጨመር አለበት፤ ግማሽ ራሽን ባይሆን አለም በመጀመሪያውስ እርሻ አትወርድም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ ስለተቀመጥኩ የምጨምረው አለኝ። የአምስት ሰው እንጀራ የአንድ በራሱ የተደነቀ ልጅ ዓይን ላይ መንጠልጠል የለበትም። አቆጣጠሩ የሰውን መከር ይወቅ። ስለራሱ እውነት የተናገረ ሰው ስለተናገረ አይቀጣ፤ አጀቡሽ ስለ ባልዋ እውነት ስትናገር ያገኘችው መሰረዝን ነው፣ ስለ ልጇ ማስመሰልን ያስተማርናት እኛ ነን። ተበደልኩ ብሎ የሚሄድበት ሌላ ጠረጴዛም ይኑረው፤ ያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ሰው መሆን የለበትም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግን እስከዛሬ አጭበርባሪ ያዝኩ ብሎ ሰው ሲያወራልኝ፣ የያዘው እየሳቀ ከሆነ፣ አላምነውም።

ግጥም አልተውኩም። ሰው ፊት ግን አልገጥምም።

አንድ ነገር አስቀርቼባችሁ ነበር። ያን ቀን ኡስታዝ ከወጣ በኋላ የሆነውን ነው።

ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። የጣት መንከሪያው ቀለም በቆርቆሮ ክዳኑ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። አጀቡሽ አለምን በእጇ ይዛ ገባች። ዜናውን ደጅ ሰምታዋለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ተነሳሁ።

«እት አጀቡሽ፣ የኔን ካርድ ውሰጂ» አልኳት። «በየወሩ እየመጣሽ...»

«ያንተ ካርድ የአንድ ሰው ነው» አለችኝ። «እኛ አምስት ነን።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እንዳልሰማች ሁሉ ልጅቱን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት። የቀኝ እጇን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የማጭድ ጭረት ያለበት፣ ጀሪካን ያጠነከረው፣ ቀለም ያልነካው ጣት ነው።

«ይቺ ናት» አለች። «ቁጠራት።»

«መዝገቡ እኮ ሄደ...»

«መዝገብ አላልኩህም። አንተ ቁጠራት።»

አለም አንዴ እናቷን አንዴ እኔን ታያለች። ጨዋታ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። ጣቷን ይዤ ቀለሙ ውስጥ ነከርኩት። ወይን ጠጁ እስከ መዳፏ ፈሰሰ።

«አንድ» አልኩ።

አጀቡሽ ራሷን ነቀነቀች፣ ሰው ያዘዘው ነገር ሲደርሰው እንደሚያደርገው። የልጇን እጅ ያዘች፤ ቀለሙ እጇን ነካት፣ አልጠረገችውም። ወጡ። የቆርቆሮ በር ሲዘጋ እንደሚጮህ ታውቅ ነበርና፣ በቀስታ ገጠመችው።